ኮፒ አድርገሽ ነይ

ሐኒ ቅጹን የምትሞላው በክንዷ ሸፍና ነው። ፈተና ላይ ከኮራጅ የምትሸሽ ተማሪ ትመስላለች። ቤተልሄም ከኋላዋ ቆማ በእግሯ ጣቶች ተንጠራራች። የታያት ግን የሐኒ ክርን ብቻ ነው።

«ንጹሕ ከሆነች ምን ያስደብቃታል?» አለች በሆዷ።

ቡራዩ ድረስ የመጡት የሐኒን የልደት ግልባጭ ለማውጣት ነው። ሐኒ የተወለደችውም የተመዘገበችውም እዚህ ነው። እናቷ ማመልከቻውን ፈርማ፣ መታወቂያዋን ሰጥታ ልካታለች። «ብቻዬን ይደብረኛል፣ አብረሽኝ ነይ» ብላ የለመነቻት ራሷ ሐኒ ናት። ቤተልሄም ደግሞ እሺ ያለችው ለጓደኝነት ብላ አይደለም። የሐኒን ዕድሜ በዓይኗ በብረቱ ልታይ ነው የመጣችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱም ሱሉልታ ውስጥ በአንድ የታዳጊዎች ሩጫ ቡድን ይሠለጥናሉ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች በሆኑት ሴቶች በአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ለክልሉ ውድድር የሚያልፉት ሁለት ብቻ ናቸው። እስከ አምና ድረስ ቤተልሄምን የሚነካት አልነበረም። መስከረም ላይ ሐኒና ቤተሰቧ ከቡራዩ ተነሥተው ሱሉልታ ገቡ። ሐኒ በሦስተኛው ሳምንት ቤተልሄምን ቀደመቻት። በአራተኛው ሳምንት ጭራሽ ዞር ብላ እያየቻት ቀደመቻት!

ቤተልሄም አንዴ መጠራጠር ከጀመረች ደግሞ ማቆሚያ የላትም። የሐኒን የእጅ ስፋት አየች። ድምፅዋን አዳመጠች። ስንት ዓመትሽ ነው ሲሏት «አሥራ አምስት» ብላ ቶሎ ወሬ እንደምትቀይር አስተዋለች። «ይቺ ልጅ አሥራ ስምንት ካልሞላት ከምላሴ ጸጉር ይነቀል» አለቻት ለጠጅቱ። ጠጅቱ በቡድኑ ሦስተኛ ስለሆነች ወሬው ጣማት። ቤተልሄም በማግስቱ ሄዳ ለአሠልጣኙ ለኦዳ ነገረችው።

ኦዳ የማንንም ስም አልጠራም። ልጆቹን ሰብስቦ «እስከ ዓርብ ሁላችሁም የልደት ግልባጭ ታመጣላችሁ» አለ። «ቤት ያለውን ሰርተፊኬት አላይም። ከተመዘገባችሁበት ቢሮ፣ ከመዝገቡ ተገልብጦ፣ ማህተም አርፎበት።»

«ማነው የጠቆመው?» ብላ ጠየቀች ሐኒ። ቤተልሄም ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ማሠር ጀመረች።

የቡራዩዋ ሠራተኛ ግልባጩ ላይ ማህተሙን መታችና በመስኮቱ ሰጠቻት። ሐኒ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ታክሲ ውስጥ ገብተው ጥጉን ያዙ።

«ዕድሜዬን ልታዪ አይደል የመጣሽው?» አለች ሐኒ በድንገት።

«እንዴ! ምን ማለትሽ ነው?»

«ቤቲ፣ ፋራ አይደለሁም እኮ። ያን ቀን ጫማሽን ልታሥሪ ስታጎነብሺ ክሩ ታሥሮ ነበር።» ወረቀቱን ዘርግታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። «ይኸው፣ እይው።»

ቤተልሄም ፊቷ እንደ በርበሬ እየቀላ አነበበች። የትውልድ ዘመን፦ ጥቅምት 2003 ዓ.ም። ከእሷ የምትበልጠው በአምስት ወር ብቻ ነው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ላይኛው መስመር ሄደ። በቡድኑ እንደሚያውቋት ሐኒ ፍቅረሥላሴ አይልም። ሐኒ ዮፍታሔ ነው የሚለው።

«ዮፍታሔ ማነው?»

«አባቴ ነው አሉ። አይቼው አላውቅም። ፍቅረሥላሴ ያሳደገኝ ነው።» ሐኒ ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው። «የደበቅሁት ይሄንን ነው። ዓርብ ዕለት ልጆቹ ሁሉ ያዩልኛል። ጠጅቱን ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ ሙድ ትይዝብኛለች።»

ቤተልሄም ይቅርታ ማለት ነበረባት። አፏም ሊል ነበር። ግን ማህተሙ ሲመታ በዓይኗ ብታይም ጥርጣሬው አለቀቃትም። «ወረቀት እኮ ይሠራል» አለች በሆዷ። «ፎርጅድ የሚሠራ ሞልቷል። የአባቷንም ታሪክ አንጀቴን ልትበላ ቢሆንስ ያመጣችው?» እናም ሱሉልታ እስኪደርሱ በመስኮት ስታይ ሄደች።

የቤተልሄም እናት የሺወርቅ ቤታቸው ፊት ለፊት ባለችው ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ቤተልሄም ያን ዕለት ከሰዓት ገብታ የግልባጩን ነገር ስትነግራት የልብስ ስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

«ቤት ያለው ሰርተፊኬት ምን ሆነ?»

«አልቀበልም ብሏል። ከመዝገቡ ነው የፈለገው።»

«እንግዲያው እኔ አወጣልሻለሁ። አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ።»

«እማ፣ ከነገ ወዲያ እኮ ዓርብ ነው! ያንን ሁሉ ዩኒፎርም ጥለሽ ልትሰለፊ ነው? ፈርመሽ መታወቂያሽን ስጪኝና ነገ ጠዋት ሄጄ እመጣለሁ።»

የሺወርቅ መርፌውን አየችው። «የሚያዩት መዝገቡን ብቻ ነው ወይስ ፋይሉንም ያወጡታል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ምነው?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤተልሄም ይህን «ዝም ብዬ ነው» በዋዛ አታልፈውም ነበር። ያን ቀን ግን ጥርጣሬዋ ሁሉ ሐኒ ላይ ነበርና አለፈችው።

ሐሙስ ጠዋት ሱሉልታ ባለው የወሳኝ ኩነት ቢሮ መስኮት አምስተኛ ሆና ተሰለፈች። መስኮቱ ጋ ያሉት ጋሽ ዳኜ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ እያንዳንዱን ሰው «አካም? ደህና ነህ? ደህና ነሽ?» ሳይሉ ሥራ የማይጀምሩ ሰው ናቸው። የእናቷን መታወቂያ አዩ፣ መዝገቡን ገለጡ፣ ከመደርደሪያው አንድ ቀጭን ፋይል አወጡ።

«በይ፣ መንገዱን ተሻገሪና ከዚህ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሁለት ሁለት ኮፒ አድርገሽ ነይ። የእናትሽን መታወቂያ እዚህ ይዤዋለሁ። አንድ ወረቀት እንዳታጎድዪ!»

ኮፒ ቤቱ የሚንሃ ነው። ሚንሃ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ በአንድ እጇ ስልክ ይዛ በሌላው ወረቀት እየገለበጠች የምትሠራ ፈጣን ሴት ናት። መጀመሪያ የምዝገባውን ቅጽ አነሣች። ቀጥላ ከሥሩ ያለውን አነስ ያለ፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነ ወረቀት ገለጠች።

«ይሄ የክርስትና ወረቀት አይደል? እናንተ ሴት ልጅ በስንት ቀኗ ነው ክርስትና የምታስነሡት?»

«በሰማንያ። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ።»

«እኛ በሰባት ቀን ስም እናወጣለን፣ በቃ» አለች ሚንሃ፣ ወረቀቱንም መስታወቱ ላይ ደፋችው።

ኮፒው ሞቅ እንዳለ ወጣ። ቤተልሄም ተቀብላ እንዲያው ለነገሩ አየችው። ስሟ አለ። የአባቷ ስም አለ፤ ነፍሱን ይማረውና። የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ አለ። ክርስትና የተነሣችበት ቀን፦ ሰኔ 3 ቀን 2001 ዓ.ም።

ቅጹን አየች። የተወለደችበት ቀን፦ መጋቢት 13 ቀን 2003 ዓ.ም።

ቁጥሩን ተሳስቼ ይሆናል ብላ ደግማ አየችው። ከዚያ በጣቷ ቆጠረች። ከመጋቢት 13 እስከ ሰኔ 3 ሰማንያ ቀን ነው፣ ልክ ሰማንያ። ቀኑም ወሩም ሰመረ። የቅጹ ዓመት ግን በሁለት ይበልጣል። እንደ ወረቀቶቹ ከሆነ ከመወለዷ በፊት ነው የተጠመቀችው።

«ምነው፣ አልወጣልሽም እንዴ?» አለች ሚንሃ።

«ወጥቷል» አለች ቤተልሄም። ሒሳቡን ከፍላ ወረቀቶቹን ሰበሰበች።

ጋሽ ዳኜ የቅጹን ኮፒ ከመዝገቡ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ። የክርስትናውን ኮፒ አንዱን ፋይል ውስጥ ከተቱና ሁለተኛውን መለሱላት። «ይሄ ለአንቺ ይሁን።»

«ጋሽ ዳኜ… መዝገቡ ላይ ያለው ስሕተት ቢሆንስ?»

በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩዋት። «እኔ የማረጋግጠው ግልባጩና መዝገቡ አንድ መሆናቸውን ነው፣ ልጄ። መዝገቡ ላይ የተባለው እውነት ይሁን አይሁን፣ ያስመዘገበው ሰው ነው የሚያውቀው። ይስተካከል ካላችሁ እናትሽ ማስረጃ ይዛ ትምጣ።» ከዚያም የቅጹ ኮፒ ላይ ማህተሙን መቱ።

ማህተሙ እውነተኛ ነው። ፊርማው እውነተኛ ነው። ፎርጅድ የሚል ሰው ቢመጣ አፉን የሚያስይዝ ወረቀት ነው።

የሺወርቅ ልጇ ስትገባ ፊቷን ብቻ አይታ ሁሉንም ዐወቀች። የያዘችውን ኮሌታ አስቀመጠች።

«እማ፣ እኔ ስንት ዓመቴ ነው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ስንት ዓመቴ ነው?»

የሺወርቅ ወንበሯን ከመኪናው አራቀች። «አሥራ ስድስት ከስምንት ወር» አለች በመጨረሻ። «ሰንዳፋ እያለን አባትሽ ታሞ፣ እኔ ሆስፒታል ለሆስፒታል ስንከራተት ማን ትምህርት ቤት ያስገባሽ? ከቀበርነው በኋላ እዚህ መጥቼ ላስመዘግብሽ ብል፣ ቅድሚያ ከሰባት ዓመት ላላለፉ ነው፣ ያንቺዋ አልፏታል፣ ቦታ ከተረፈ ነይ አሉኝ። ስምንት ዓመት ተኩል ሆኖሽ በር ላይ ቆመሽ የሌሎቹን ልጆች ቦርሳ ስታዪ… ምን ላድርግ? ሄጄ ሁለት ዓመት ቀንሼ አስመዘገብኩሽ። የክርስትናውን ወረቀት የሰጠሁት ስምሽንና አባትሽን ለማስረዳት ነበር። ዓመቱን እኔ እንኳ ልብ አላልኩትም።»

«ለእኔስ ለምን አትነግሪኝም?»

«ልጅ ነሽ፣ ታወሪዋለሽ ብዬ ነዋ! ከዚያ ደግሞ ተረሳ።» የሺወርቅ ዓይኗን በመዳፏ ጠራረገች። «ደግሞስ ምን ሆነ? ነፍስ አላጠፋሁ። ወረቀቱ በእጅሽ ነው፣ ማህተም አለው። ሰጥተሽ ሩጪ። ማን ሊያውቅ?»

«እኔ ሐኒን ፎርጅድ ናት ብዬ ከስሻታለሁ እኮ!» ቤተልሄም ጮኸች። እንባዋ መጣ። «እኔ ነኝ የጠቆምኩት! ይሄ ሁሉ ጣጣ በእኔ የመጣ ነው!»

የሺወርቅ አቀፈቻት፤ ቤተልሄምም አልገፋቻትም። የተቆጣችው በእናቷ ይሁን በራሷ ለይታ አላወቀችውም። በበሩ ላይ ቆማ ቦርሳ የምታየውን የስምንት ዓመት ልጅ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አስታወሰቻት። ራሷ ነበረች።

ዓርብ ልምምድ ሜዳው ላይ ኦዳ ወረቀቶቹን በየተራ ተቀበለ። ልጆቹ አንዷ የሌላዋን ለማየት አንገታቸውን ያሰግጋሉ። የሐኒ ተራ ሲደርስ ወረቀቷን አጥፋ ሰጠችው። ኦዳ ገልጦ አነበበና እሱም መልሶ አጠፈው።

«ሐኒ፣ ትክክል» አለ ጮክ ብሎ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ሐኒ ትንፋሿን ለቀቀች።

ጠጅቱ ወደ ቤተልሄም ጆሮ ተጠጋች። «አጥፋ የሰጠችው ለምን መሰለሽ? ፎርጅድ ነው። ሙች ስልሽ! ይሄ ወረቀት እኮ የትም ይሠራል።»

ቤተልሄም ጠጅቱን አየቻት። ይሄንኑ ቃል በቃል ታክሲ ውስጥ ስታስበው ነበር። አሁን ከሰው አፍ ስትሰማው አስጠላት።

«ዝም በይ ባክሽ» አለቻት።

«ቤተልሄም» ብሎ ተጣራ ኦዳ። ሄዳ ሰጠችው። ዓመተ ምሕረቱን አየ፣ ማህተሙን አየ። «ትክክል። በሉ እንግዲህ፣ በሺህ አምስት መቶ ሐኒና ቤተልሄም ናቸው የሚሄዱት። ጎበዞች!» ብሎ ወደ ቀጣዩዋ ልጅ ዞረ።

አለቀ። ማንም ምንም አልጠየቃትም። አንዳንዶቹ አጨበጨቡላት፤ ሐኒም ከልቧ እያጨበጨበች ነው። ቤተልሄም ወደ ሰልፉ ልትመለስ ሁለት እርምጃ ሄደች። ውድድሩን ዓመት ሙሉ ነው የጠበቀችው። ከአሥራ ስድስት በላይ ከሆኑት ትልልቆች ጋር ብትሮጥ መጨረሻ እንደምትወጣም አሳምራ ታውቃለች። እጇ ግን የጃኬቷ ኪስ ውስጥ ያለውን የክርስትና ወረቀት ኮፒ ጨብጧል።

ዞረች።

«ኮች፣ ሌላ ወረቀት አለኝ።»

«ያንቺ አልቋል እኮ።»

«አላለቀም። ከዚህኛው ጋር አስተያየው።»

ኦዳ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ አነበበ። ጠጅቱ ለማየት ተጠጋች። ኦዳ ቀና ሲል አልተቆጣም፤ ደንግጦ ነበር።

«እናትሽ ይሄን እንደምታመጪ ታውቃለች?»

«ጠዋት ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለችሽ?»

«ሰኞ ወደ ቢሮው አብረን እንሄዳለን አለች፤ ልታስተካክለው።»

ኦዳ ግንባሩን አሻሸ። ዝርዝሩ ላይ የቤተልሄምን ስም ሰረዘና የጠጅቱን ጻፈ። ከዚያ በጭንቅላቱ ወደ ሜዳው ማዶ፣ ትልልቆቹ ሴቶች ማሟሟቅ ወደ ጀመሩበት አመለከተ።

ቤተልሄም ጃኬቷን አውልቃ ለሐኒ አስያዘቻትና ወደዚያ ሄደች።