ዘጠነኛው እሽግ

የምርጫ ጣቢያው ኃላፊ የተገኙት በጀርባቸው ተንጋለው ነው። ራሳቸው የደረጃው የመጨረሻ እርከን ጠርዝ ላይ ነበር፤ እግሮቻቸው ወደ ላይ ናቸው፤ ዓይኖቻቸው ወደ ፎቁ ዕቃ ቤት እንደፈጠጡ ቀርተዋል። መነጽራቸው አብሯቸው አልወደቀም። ስምንት እርከን ከፍ ብሎ፣ ከዕቃ ቤቱ በር ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጥታ ወረደች። አምሳ ዓመት አልፏታል፤ ጉልበቷ ያማታል፤ ብዙ አትናገርም።

«ሲወርድ የተደናቀፈ ሰው በየት በኩል ነው የሚወድቀው?» ስትል የትምህርት ቤቱን ጥበቃ ጠየቀችው።

«በግንባሩ ነዋ፣ አለቃ።»

«እሳቸው ግን በጀርባቸው ነው የወደቁት።»

ጥበቃው ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። «ወደ ላይ ዞረው ነበር ማለት ነው?»

«ወደ አንድ ሰው። አንተ ነህ ያገኘሃቸው?»

«እኔው ነኝ። ስምንት ሰዓት ላይ። ምሳ ስላልበሉ ዳቦ ይዤላቸው መጣሁ። ጋሼ፣ ጋሼ ብል...» ባርኔጣውን በጣቶቹ አዞረው። «ጠርቻቸው ዝም ብለውኝ አያውቁማ።»

ኢንስፔክተሯ በሕመም ተንበረከከች። የሟቹ ቀኝ እጅ ተጨብጧል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ስትዘረጋ ጥፍር የምታክል፣ አረንጓዴ ጭረት ያለባት ቡናማ የወረቀት ቁራጭ አገኘች።

ሟቹ የሒሳብ መምህር ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ድጋሚ ሥራው» ሲሉ ስለኖሩ ሰፈሩ ጋሼ ድጋሚ ብሎ ስም አውጥቶላቸዋል። ለክፍለ ከተማው ምክር ቤት ትናንት የተሰጠው ድምፅ ዛሬ ጠዋት በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ሲቆጠር፣ ቆጣሪዎቹ ሦስት ነበሩ፤ እሳቸው፣ የክፍለ ከተማው ጸሐፊ፣ እና ከአጥሩ ማዶ ባለው ክሊኒክ የምትሠራ አንዲት ነርስ። አምስት ሰዓት ላይ የሁለቱ ዕጩዎች ውጤት በሩ ላይ ተለጠፈ፦ ኮንትራክተሩ 612፣ አዋላጇ 609።

የምክር ቤቱ ሌሎች ወንበሮች እኩል ለእኩል ስለተከፈሉ ሁሉን የሚወስነው ይህ አንድ ወንበር ነው። የሚወስነውንም ሰፈርተኛው አሳምሮ ያውቃል። ኮንትራክተሩ ከገባ ክሊኒኩ በወሩ መጨረሻ ተዘግቶ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ይሆናል።

ጸሐፊው አዳራሹ ውስጥ ከረባቱን እያጠበቀ ጠበቃት።

«ክብርት ኢንስፔክተር፣ እኔ ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ወጥቼ የተመለስኩት ስምንት ተኩል ነው። ሦስት ምስክር አለኝ።»

«ምሳውን በሦስት ምስክር የሚበላ ሰው ዛሬ ገና አየሁ። ኃላፊው ለዘጠኝ ሰዓት የቀጠሯችሁ ለምን ነበር?»

«ለፊርማ ነው የሚሆነው። ሁሉም ባለበት ይፈረማል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ አለቀ።»

ኢንስፔክተሯ ጠረጴዛውን አየች። አምስት ወንበሮች ዙሪያውን ተስተካክለዋል። መሐል ላይ፣ ወረቀት የሚቆጥር ሰው ጣቱን የሚያረጥብበት ክብ ስፖንጅ ተቀምጧል። በአውራ ጣቷ ስትጫነው ውኃ አፈለቀ።

«ቆጠራው ያለቀው አምስት ሰዓት ላይ ነው አላሉኝም?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ይህን ማን አረጠበው? ለፊርማ ጣት አይረጠብም።»

ጸሐፊው ስፖንጁን እንደ አዲስ ነገር አየው። «ድጋሚ ሊያስቆጥሩ ነበር?»

«ይችላሉ?»

«መብታቸው ነው። ኮሮጆውን ብቻቸውን ከፍተው የተጠራጠሩትን እሽግ ማውጣት ይችላሉ። ግን ለማንም ቀድመው አይናገሩም፤ ሁሉም እኩል ነው የሚሰማው። እሽጉም የሚፈታው እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ሁሉም እያየ ነው። ማሰሪያው ሌላ ቦታ ከተበጠሰ ድጋሚ አይቆጠርም፤ የመጀመሪያው ቁጥር ይጸናል።» ግድግዳው ላይ በቀይ የተጻፈ ወረቀት አሳያት። «ይኸው፣ በገዛ እጃቸው ጽፈው ሰቅለውታል።»

ዕቃ ቤቱ ውስጥ የኮሮጆው አፍ ተከፍቷል። ቁልፉ በሩ ላይ ነው። እሽጎቹ አምሳ አምሳ ወረቀት ሆነው በቡናማ ማሰሪያ ተጠቅልለዋል፤ እያንዳንዱ ላይ ቆጣሪው በእርሳስ አስምሯል፤ ኃላፊው በቀይ፣ ጸሐፊው በሰማያዊ፣ ነርሷ በአረንጓዴ። መራጩ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ከዕጩው ሥዕል አጠገብ ያትማል፤ ኮንትራክተሩ ከወረቀቱ ከላይ፣ አዋላጇ ከታች ናቸው።

ከኮንትራክተሩ ረድፍ ዘጠነኛው እሽግ ማሰሪያው ተቀዶ በስኮች ተጣብቋል። አረንጓዴው መስመር መሐል ላይ ጥፍር የምታክል ክፍተት አለ። ቡናማዋን ቁራጭ ስታስጠጋት ልክክ አለች። ስኮቹ ግን አጣባበቁ ለየት ይላል። ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ጥፍር የሚይዘው ትንሽ ጆሮ ተበጅቶለታል። ኢንስፔክተሯ እሽጉን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ከዚያ ምንም ሳትል ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስትወጣ አዳራሹ በር ላይ ቆማ የተለጠፈውን ውጤት አራቱንም ማዕዘን በጣቷ ዳሰሰች።

ኮንትራክተሩ ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይላል። ጥበቃው ሰባት ሰዓት ላይ ደረጃው ሥር አይቶታል።

«እህቴ፣ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ያሸነፈ ሰው ለምን ይገድላል?»

«በሦስት ድምፅ ስላሸነፈ።»

ላቡን ጠረገ። «ቶሎ ፈርሙልኝ ልላቸው ነው የሄድኩት። 'ዘጠኝ ሰዓት' አሉኝ። ሌላ ቃል ከአፋቸው አይወጣም እኮ! ተናድጄ ወጣሁ።»

«በእጃቸው ምን ነበር?»

«ቁልፍ። ቁልፍ ብቻ።»

አዋላጇ አግዳሚ ወንበር ላይ ከዘራዋን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። ግማሹን ሰፈር ያዋለደች ሴት ናት። «እኔን ከጠረጠርሽ ደስ ይለኛል፣ ልጄ፤ ጉልበት አላት ማለትሽ ነው» አለቻት። «ያን ደረጃ ለመውጣት ሁለት ሰው ያስፈልገኛል። አንዱ እንዲደግፈኝ፣ አንዱ እንዲያዝንልኝ።» ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። «ክሊኒኩ ሊዘጋ ነው አይደል?»

ኢንስፔክተሯ ከግቢው ወጣች። ወደ ክሊኒኩ ተሻገረች።

ነርሷ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ የኩላሊት ማጠቢያ ማሽን ላይ አጎንብሳ ቁጥር ታነባለች። አልጋው ላይ ያሉት እናቷ ናቸው።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ» አሉ እናትየው። «ከዚህ ማሽን ጋር ከተጋባን አራት ዓመታችን ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ካላየኝ ይናፍቃል።»

«ዛሬ ስንት ሰዓት ጀመሩ?»

«ሰዓቴማ ሰባት ተኩል ነበር። ልጄ ናት ስምንት አሳልፋ የመጣችው። ሌሊቱን ተረኛ ሆና አድራ፣ ሳትተኛ ለቆጠራ ሄደች። ደክሟታል መሰለኝ መርፌውን ሁለቴ ሳተችው። ስታ አታውቅም እኮ!»

«እማ፣ ይበቃል» አለች ነርሷ፣ ዓይኗን ከማሽኑ ሳታነሳ።

«ይህ ቢዘጋ ሌላ ቦታ የለም?» ድምፅ የሰጠ ሰው ሁሉ ሊጠይቅ የሚገባውን ኢንስፔክተሯ ጠየቀች።

«አለ። ሁለት አውቶቡስ ነው። ወረፋው ስድስት ወር ነው።» ነርሷ ቱቦውን በጣቷ ነካች። «እማ ሳትታጠብ ሁለት ሳምንት አትቆይም።»

እናትየው ያልሰሙ መስለው የግራ ክንዳቸውን ፕላስተር በአንድ ጣት ላጥ አደረጉት። «አየሽው? አያምም። ጫፉን አጠፍ አድርጋ ነው የምትለጥፍልኝ። የለጠፈችው ሁሉ እንዲህ ነው፤ የቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር ሳይቀር።»

ነርሷ ፕላስተሩን መልሳ ለጠፈችው።

«ጎበዝ ልጅ አለዎት» አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ። ወደ ነርሷ ዞረች። «አሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ እፈልግሻለሁ። የሚተካሽ አለ?»

«አለች» አለች ነርሷ። «ትንሽ ነው የምቆየው አይደል?»

አሥር ሰዓት ላይ ጋሼ ድጋሚ ባሰናዷቸው ወንበሮች ላይ አራቱ ተቀመጡ። ጥበቃው በሩን ይዞ ቆመ። ኢንስፔክተሯ አምስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ እሽጉን ስፖንጁ አጠገብ አኖረችው።

«ኃላፊው ውጤቱን የተቀበሉት መስሏችሁ ነበር። አልተቀበሉም። ስፖንጁን አርጥበዋል፤ ወንበር ደርድረዋል። ሰባት ሰዓት ላይ ቁልፍ ይዘው ወጡ። ኮሮጆውን ከፍተው ይህን እሽግ ብቻ አወጡና ወደዚህ ጠረጴዛ ሊያመጡት መውረድ ጀመሩ። ከኋላቸው ግን ሰው ነበር። ያ ሰው እሽጉን ሊነጥቅ እጁን ሰደደ። ኃላፊው ዞረው ያዙ፤ መነጽራቸው እላይ ወደቀ። ማሰሪያው ተበጠሰ፤ እሳቸው ቁራጩን እንደጨበጡ በጀርባቸው ወደቁ።»

«እሽጉ ታዲያ ኮሮጆ ውስጥ እንዴት ተገኘ?» አለ ኮንትራክተሩ።

«የነጠቀው ሰው በስኮች አጣብቆ መለሰው። እዚህ ላይ ነው ራሱን የገለጠው። እኔና እናንተ ስኮች ስንለጥፍ እስከ ጫፉ እንለጥፋለን፤ በኋላ ጥፍራችን እስኪነቀል እንፈልገዋለን። ይህ ጫፉ ታጥፏል። በሩ ላይ ያለው ውጤትም አራቱም ማዕዘን እንዲሁ ነው። ሥራው ፕላስተር መለጠፍና ሳያሳምም መላጥ የሆነ ሰው እጅ ነው። እጁ ሲፈራም አይረሳውም።»

ሁሉም ወደ ነርሷ ዞሩ።

«እሷማ ድጋሚ ይቆጠር ባይ ናት!» አለ ጸሐፊው። «እንዲኖሩላት የምትፈልገው እሷ!»

«እሱን እሷ ትንገረን» አለች ኢንስፔክተሯ።

ነርሷ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ንጹሕ፣ ጥፍራቸው የተቆረጠ እጆች ናቸው።

«ተከትያቸው ወጣሁ። ጋሼ፣ ሦስት ድምፅ ነው፣ ድጋሚ ይቆጠር አልኳቸው። ስለ እማ ነገርኳቸው። 'ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትሰሚያለሽ፤ አሁን እናትሽ ጋ ሂጂ፣ ልጄ' አሉኝ። እሽጉን ሲያወጡ አየሁ፤ የኮንትራክተሩ ረድፍ ነው። የእሱ ሰው መሰሉኝ። አንድ ነገር የሚያደርጉለት መሰለኝ... ልቀማቸው ነበር እንጂ ልገፋቸው አልነበረም።» ትንፋሽ ወሰደች። «ወርጄ አንገታቸውን ዳሰስኩ። ነርስ ነኝ። የልብ ምት አልነበረም።»

ኢንስፔክተሯ የታጠፈችውን ጫፍ ያዘች። «ይህን የምከፍተው ለምርመራዬ ነው እንጂ ለምርጫው አይደለም።» ስኮቹ ያለ ምንም ትግል ላጥ አለ። «ጋሼ ድጋሚ እሽግ የሚያረጋግጡት እንዴት ነበር?»

«ገልብጠው» አለ ጸሐፊው። «ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ቀለሙ በጀርባው ይታያል።»

እሽጉን ገለበጠችው። የጣት አሻራው ቀለም ከታች ነበር። ከላይ መሆን ሲገባው ከታች። አንድ ወረቀት አነሳች። ሁለተኛውም ከታች ነው። ሦስት። አራት። አምስት። ከስድስተኛው ጀምሮ ወደ ላይ ተመለሰ።

«አምስት የአዋላጇ ድምፅ ኮንትራክተሩ እሽግ ውስጥ ገብቷል። ሲስተካከል 607 ለ614 ነው።»

አዋላጇ ከዘራዋን ጨብጣ ተነሣች። «በሰባት ድምፅ አሸንፈናል!»

ማንም አልተከተላትም። ነርሷ ወረቀቶቹን አላየችም፤ ያየችው ማሰሪያውን ነው። የተቀደደው መስመር አረንጓዴ ነበር።

«የኔ እሽግ ነው» አለች። «እኔ ነኝ የቆጠርኩት።»

«ሳትተኚ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ስሕተቱ ያንቺ መሆኑን ያልነገሩሽም ለዚያ ይመስለኛል።»

ጸሐፊው ከረባቱን አላላ። ግድግዳው ላይ ወዳለው ቀይ ጽሑፍ ዞረ፤ በመጨረሻ ለራሱ እንደሚያነብ ሰው አለ፦ «ማሰሪያው ከጠረጴዛው ውጭ ተበጥሷል። የመጀመሪያው ቁጥር ይጸናል። 612 ለ609።»

«ፍርድ ቤት እሄዳለሁ!» አለች አዋላጇ።

«ቢፈጥን ስምንት ወር ነው፣ እትዬ። ክሊኒኩ የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ነው።»

ኮንትራክተሩ እንኳን ደስ ያለው አይመስልም። ጫማውን እያየ «ሕግ ነው እንግዲህ» አለ።

ነርሷ ወረቀቶቹን ሰብስባ ጠርዛቸውን አስተካከለች። ጣቷን ስፖንጁ ላይ አርጥባ አምስቱን ቆጠረች። ድጋሚ ቆጠረች። ድጋሚ። ኢንስፔክተሯ እጇን ያዘቻት።

«በቃሽ። እንሂድ።»

ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ማሽኑ ሊቆም አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቶታል። ጥበቃውን ክንዱን ያዘችው።

«ማዶ ተሻግረህ ለተካችኝ ልጅ ንገርልኝ። መርፌውን ስትነቅልላት...» የራሷን ግራ ክንድ አሳየችው። «ፕላስተሩን ጫፉን አጥፋ ትለጥፍላት በላት። ቆዳዋ ስስ ነው።»