ለዱናርቪው ማስተር የጻፍኩት እሺታ

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዕድሜዬን ትልቁን ስህተት የሠራሁት አንድን ሰው በወጉ ላክብር ብዬ ነው።

አባቴ የኤርካን ሐይቅ ጀልበኛ ነበር። ወገቡን ሲያመው መቅዘፊያውን እኔ ተረከብኩ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ዝናቡ ሲያወርደው፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋ ሰው ጀልባው ውስጥ ገባ።

«ማን ልበል?» አልኩት።

«ቶርኪል ነኝ፤ የዱናርቪ።»

ደሜ ፈላ። የቶርኪል ውሻ ባለፈው ሳምንት ሁለት ጠቦት ፈጅቶብናል።

«የእናንተ ቤት ውሻ እንኳን ጌታ ነው መሰል» አልኩት። «የሰው በግ በልቶ ይቅርታ አያውቅም።»

ሐይቁን እስክንሻገር ስድብ አወረድኩበት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ዳር ስንደርስ ኮፍያውን አወለቀ። ጸጉሩ እንደ ቀበሮ ቀይ ነው።

ክው አልኩ። በእኛ አገር ልጅ በአያቱ ስም ይጠራል። ስለዚህ የሎርድ ዱናርቪ ልጅም፣ የሟች ወንድማቸው ልጅም ሁለቱም ቶርኪል ናቸው። እኛ በጸጉራቸው ነው የምንለያቸው፦ ቀዩ ቶርኪል፣ ጥቁሩ ቶርኪል። ባለ ውሻው ጥቁሩ ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ቁጣሽ መንገዱን አሳጠረልኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ሰበብ እየፈለገ ሐይቁን ይሻገር ነበር። ሄዶ ወዲያው ይመለሳል። አባቴ፣ «ይሄ ልጅ ማዶ ምን ጥሎ ነው?» ይለኛል። እኔ ወሬ እለውጣለሁ። የሎርድ ልጅና የጀልበኛ ልጅ... ማን ይሰማናል? «እርስዎ» ማለቱ ቀርቶ «አንተ» ስለው እንኳን ዙሪያዬን አይቼ ነው።

በመስከረም መጨረሻ ጀልባዋ ውስጥ እንዳለን ጠየቀኝ።

«ኢሽቤል፣ ታገቢኛለሽ? ካናዳ ሥራ አግኝቻለሁ። መርከቧ በሚመጣው ወር በሃያ ትነሳለች። እሺ ካልሽኝ እቀራለሁ።»

«አሁን መልስ አትጠብቅ» አልኩት።

«ከነገ ጀምሮ ኤድንብራ አባቴ ዘንድ ነኝ። ትንሽ ስላመማቸው ነው። ጻፊልኝ።»

ዘጠኝ ቀን ተቁነጠነጥኩ። ቁጭ ብዬ እነሳለሁ፣ ተነስቼ እቀመጣለሁ። በመጨረሻ ጻፍኩ። ሰው እጅ ቢገባ ብዬ ስለፈራሁ አንድ መስመር ብቻ፦ «ለጠየቅከኝ ነገር መልሴ እሺ ነው። ኢሽቤል።» ፖስታው ላይ ግን ጸጉሩን ልጽፍ አፈርኩ። የሎርድ ወራሽ «ማስተር» ነው የሚባለው። ስለዚህ በወጉ፣ «ለቶርኪል፣ ለዱናርቪው ማስተር» ብዬ ላክሁ።

ደብዳቤዬ መንገድ ላይ እያለ ሎርዱ በድንገት ሞቱ። እኔ አልሰማሁም። በዚያችው ሰዓት ቀዩ ቶርኪል ሎርድ ሆነ። ወንድም የለው፣ ልጅ የለው፤ ቀጣዩ ወራሽ የአጎቱ ልጅ ነው። ማስተርነቱ ወደ ጥቁሩ ቶርኪል ዞረ።

የኤድንብራው ቤት አዛዥ ወግ አዋቂ ሰው ናቸው። ደብዳቤዬን አገላብጠው አዩና፣ ለለቅሶ ለመጣው ለጥቁሩ ሰጡት።

በአሥራ ዘጠኝ ጠዋት መረብ እየጠገንኩ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ጥቁሩ ቶርኪል ወረደ። ጥቁር ልብስ ለብሷል፣ ፊቱ ግን ያበራል። በእጁ የእናቱን ቀለበት ይዟል።

«በአዲስ ዓመት ጭፈራ ላይ ታገቢኛለሽ ስልሽ፣ አስብበታለሁ ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር» አለኝ። «አስበሽበት ኖሯል!»

እውነት ነው፣ ብዬው ነበር። ለጨዋታ። ደብዳቤዬን ከደረት ኪሱ ሲያወጣ መረቡ ከእጄ ወደቀ።

«ይሄንን ለማን አሳየህ?»

«ለማንም አላሳየሁም፤ ለአጎቴ ልጅ ብቻ ነገርኩት። ምን ሆነሻል? አባቱ ከሞቱ ወዲህ ጉዞው ቀርቶ ነበር። ይሄን ስነግረው ግን እንኳን ደስ ያለህ አለኝና ቲኬቱን ከኪሱ አውጥቶ አየ። ነገ ከግሪኖክ ወደብ ይሳፈራል። መሬቱን ለእኔ አደራ ብሎኛል።»

አልቅሼ ነገርኩት። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ቀለበቱን መሐረቡ ውስጥ ጠቀለለው፤ ፈታው፤ መልሶ ጠቀለለው።

«ያ ዝምተኛ!» አለ። «ስነግረው እኮ አቀፈኝ... » ቀለበቱን ኪሱ ከተተ። ከዚያ፣ «ካፖርትሽን ልበሺ። መንገዱ ሩቅ ነው» አለኝ።

እንዲያ የነዳ ሰው አይቼ አላውቅም። በግ መንገድ ሲዘጋን ይወርዳል፣ እየተሳደበ ይነዳቸዋል፣ ይመለሳል። እህቱ ቤት ጥቂት አረፍንና ጎህ ሲቀድ ተነሳን። እኔ በየመንደሩ ሰዓት እጠይቃለሁ።

«ሰዓቱን ብትተዪው ምን አለበት?» አለኝ። «እየነዳሁ ነው፤ ልብረር እንዴ?»

ግሪኖክ ስንደርስ ተሳፋሪው ተሰልፏል። ቀዩ ጸጉር ከሰልፉ መሐል ታየኝ።

«ቶርኪል!» ብዬ ተጣራሁ።

ከጎኔ ያለውም ዞረ። ወዲያው አቀረቀረ። «እኔን አይደለም፤ አውቃለሁ» አለ።

ቀዩ ሁለታችንን ሲያይ ሊስቅ ሞከረ።

«ለመሰናበት ይሄን ያህል መንገድ? ባትለፉ ይሻል ነበር።»

«መልሱ ላንተ ነበር» አልኩት። ትንፋሽ አጥሮኛል። «ማስተር ብዬ ጻፍኩ። አባትህ መሞታቸውን አልሰማሁም ነበር።»

አላመነኝም። የአጎቱን ልጅ አየው። ጥቁሩ ቶርኪል ደብዳቤውን ከደረት ኪሱ አወጣና ዘረጋለት።

«ያንተን ነው የከፈትኩት። ይቅር በለኝ» አለው።

ቀዩ ያችን አንድ መስመር እንደ ረጅም መጽሐፍ አነበባት። ከኋላው ያለው ሰውዬ ሻንጣውን በእግሩ እየገፋ፣ «ጌታው፣ ትሄዳለህ ወይስ መንገድ ትለቃለህ?» አለው።

«መንገድ ልልቀቅ» አለና ከሰልፉ ወጣ።

እጄን ያዘ።

«እስቲ በአፍሽ ንገሪኝ» አለኝ።

«እሺ» አልኩት። «እሺ፣ እሺ።»

ቲኬቱን ቀደደና ኪሱ ከተተው። በመጋቢት ተጋባን፤ አርባ አንድ ዓመት ኖርን።

እኔ ግን እስከ ዛሬ የማስበው የዚያን ቀን መመለሻ ነው። መኪናው የጥቁሩ ቶርኪል ነው፤ ሌላ መሄጃ የለንም። እኛን ከኋላ አስቀመጠን። እንዴት ላውራ፣ እንዴት ልሳቅ ብዬ ተጨንቄ፣ ጀርባውን እያየሁ ዝም አልኩ።

ከወደቡ ወጣ ስንል እጁን ዘርግቶ ከፊቱ ያለውን የኋላ ማሳያ መስታወት ወደ ጣሪያው አዞረው።

«አሁን አላያችሁም» አለ። «ተጫወቱ።»