በሰርግ ዳስ ውስጥ የለቅሶ ምት

እኔ ጠንቋይ ደጃፍ ረግጬ የማላውቅ፣ ዛር ወረደ ሲባል ስቄ የማልፍ፣ ቡዳ በላው የሚሉትንም የሥራ ፈት ወሬ ነው የምል ሰው ነኝ። ከበሮ መቺ በመሆኔ ደግሞ ሰው በዜማ ሲያዝ ብዙ አይቻለሁ፤ ዜማ ጆሮ ይገባል፣ ትከሻ ያነቃንቃል፣ እግር ያነሣል፣ ጠላው ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም እል ነበር። የምነግራችሁ ነገር በጨለማ የሆነ እንዳይመስላችሁ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት ዳስ ውስጥ ነው።

ዘመኑ ደርግ ወጣቱን ከገበያ እያፈሰ ወደ ጦር ግንባር የሚልክበት ነበር። አዲሱንና ታናሽ ወንድሜን ይርጋን ከቡሬ ገበያ በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና ጭነው ወሰዷቸው። አዲሱ የጎረቤታችን የእትዬ ጥሩነሽ አንድ ወንድ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ የሁለቱም ወሬ ጠፋ። የአዲሱ እህት ሙሉ ልትዳር ዳሱ ተጥሎ፣ ጠላው ተጠምቆ እያለ፣ በሰርጉ ዋዜማ አንድ እግሩን ግንባር ትቶ የመጣ ወታደር የእትዬ ጥሩነሽን ወንድም፣ አያ ዘለቀን፣ ፍኖተ ሰላም ላይ አገኛቸውና አዲሱን በገዛ እጁ እንደቀበረው ነገራቸው። ስለ ይርጋ ሲጠይቁት ግን «እንጃ፣ ተለያይተናል» አላቸው።

የአገራችንን ልማድ ታውቃላችሁ፣ መርዶ በሽማግሌ፣ በማለዳ ይረዳል እንጂ እንዲሁ አይወረወርም። አያ ዘለቀ ጎተራ ጀርባ ወሰዱኝ።

«የሞተውስ ሞተ፣ ያለችውን እንዳር» አሉኝ። «ከመልሱ በኋላ እናረዳታለን። እህቴ ልቧ ደካማ ነው፣ ዛሬ ከሰማች በሰርጉ ዳስ እሷንም እንገንዛለን። ላንተ የነገርኩህ ሰው ፊት ስለ ወንድምህ እንዳትጠይቀኝ ብዬ ነው። ፊትህን አደራ!»

«እሺ አያ፣ ፊቴን እጠብቃለሁ» አልኳቸው። እጄን ማን አስቦት!

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ የሙሽራው ሚዜዎች ሊደርሱ ሲቃረቡ፣ እትዬ ጥሩነሽ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተነሡ።

«ምነው አንተ፣ ልጄን ስድር ዳር ቆሜ ልቅር? ምታው እንጂ!» አሉኝ።

መታሁላቸው፣ ፈጣኑን የሰርግ ምት። ትከሻቸው እንደ ኮረዳ ቀለለ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ትንሽ ቆይቶ የከበሮው ቆዳ ከመዳፌ ሥር የላላ መሰለኝ፣ ድምፁም ወፈረ። ፀሐይ የመታው ቆዳ ይወጠራል እንጂ አይላላም፣ ይህን ማንም ከበሮ መቺ ያውቃል። ከዚያ ግራ እጄ ዘገየ፣ እመኑኝ፣ እኔ አላዘገየሁትም፣ ቀኙም ተከተለው፣ ምቱ በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት የሚመታው ሆነ፤ አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል፣ ከዚያ ዝም።

እልልታው ተቋረጠ። እትዬ ጥሩነሽ ፊታቸው እንደሳቀ ነው፣ እጆቻቸው ግን ተነሥተው ደረታቸውን ይመታሉ፣ እግራቸው እንደ አልቃሽ እግር መሬቱን ይረግጣል። እሳቸው ገና አልሰሙም፣ ገላቸው ያለቅሳል።

አያ ዘለቀ ዘለው መጡና ጆሮዬ ሥር፣ «ምን ነካህ አንተ! ልትገድላት ነው? ምቱን መልስ!» አሉኝ። አልመለስ ቢለኝ ሁለቱንም እጆቼን ከከበሮው አነሣሁ፣ ሰው እንዲያይልኝ ሽቅብ ዘረጋኋቸው። ምቱ አልቆመም። የደረታቸው ድምፅ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም ብዬ ነበር፣ ግን ቆዳው ጉልበቴ ላይ ሲርገበገብ ይሰማኛል።

ከዚያ ድንገት ቀጥ አለ። እትዬ ጥሩነሽ እጃቸውን አውርደው የሁሉንም ፊት አዩ፣ ወንድማቸው ጋ ሲደርሱ አያ ዘለቀ አቀረቀሩ።

«አዲሱ ነው፣ አይደል?» አሉ ቀስ ብለው። «በሉ ዝም በሉ። ሙሽሪት ሳትወጣ ዳሴ ውስጥ እንባ አላይም።»

ንግግራቸው ሳያልቅ ምቱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ከበሮውን መሬት አስቀምጬዋለሁ፣ ልብ በሉልኝ፣ ማንም አልነካውም። አሁን እሳቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል። የእኔ ቀኝ እጅ ተነሥቶ ደረቴን መታ። በግራዬ ያዝኩት፣ ግራው አመለጠኝና መታ። ፈራሁ። እትዬ ጥሩነሽ መጥተው ሁለቱንም እጆቼን ጭምቅ አድርገው ያዙልኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይኼኛው የእኔ አይደለም።»

ሙሽሪት በእልልታ ወጣች። ከመልሱ በኋላ ሽማግሌዎቹ ለመርዶ ሲሄዱ እናትየው ጥቁር ለብሰው ጠበቋቸው። አያ ዘለቀን ስለ ሁለተኛው ምት ስጠይቃቸው «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁ፣ ደንግጠህ ነው» ብለው ማሉልኝ።

ደርግ ወደቀ፣ ወታደሩ በየመንገዱ እየለመነ ወደየቤቱ ገባ። ይርጋ አልመጣም፣ ሞተ ያለኝም የለም። እናቴ ከቡሬ የሚመጣ መኪና በቆመ ቁጥር ደጅ ትወጣለች፣ እኔም አብሬያት እወጣለሁ። ምን ልበላት? የነገረኝ ሰው የለ፣ የነገረኝ እጄ ነው።