የጎደለው ሁለት መቶ ሃያ ስምንተኛው ፎቶ

የክሊኒኩ መዝገብ ያዥ ሽማግሌ ከኋላው ደረጃ ሥር ተደፍተው የተገኙት ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ደረጃው ጠባብ፣ የሳቸውም ዓይን የደከመ ስለነበር፣ የተሰበሰበው ሁሉ «አዳልጧቸው ነው» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ኢንስፔክተሯ ከንፈር የመምጠጥ ልማድ የላትም። ሬሳውን አጎንብሳ አየችና ደረጃውን ወጥታ መዝገብ ቤቱ ገባች። የሟቹ መነጽር ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ክፍሉን አሳሽጋ ልጃቸውን አስጠራች፤ እዚያው ክሊኒክ ነርስ ናት።

«አባትሽ ያለ መነጽር ይንቀሳቀሱ ነበር?»

«አባዬ ያለ መነጽር እንኳን ደረጃ ሊወርድ ከወንበሩም አይነሳ።»

ለነርሷ ይህ የሳምንቱ ሁለተኛ መዓት ነበር። ሰኞ የአራት ዓመት ልጅ በወጋችው መርፌ ሞቷል፤ የገባበት የአዋቂ መጠን ነው። መድኃኒቱን በመርፌ ቀድቶ የሚሰጠው ፋርማሲው ሲሆን፣ ሁሉም የየራሱን መስመር ከየራሱ ኮምፒውተር በሕመምተኛው ካርድ ላይ ይሞላል። ካርዱ ፋርማሲው የሕፃን መጠን እንደሰጠ ይናገራል። ስለዚህ መርፌውን የቀየረችው እሷ ናት ተባለ። ቅዳሜ ጠዋት ጥፋቷን አምና ልትፈርም ነበር፤ ከፊርማው በኋላ ያለው ወህኒ ነው።

«ቀይረሽዋል?»

«አላስታውስም። ሁሉም አንቺ ነሽ ሲለኝ አመንኩ።»

ኢንስፔክተሯ ቀጥላ የክሊኒኩን ባለቤት፣ ዶክተሩን አነጋገረች። ከቀትር ጀምሮ ቢሮው ውስጥ ብቻውን እንደነበር ነገራት። ምስክር የለውም።

«አባባ ካርድ በዘጉ ቁጥር ስክሪንሾት፣ የኮምፒውተሩን ገጽ ፎቶ ያነሱ ነበር» አላት። «አንዴ መብራት ጠፍቶ የጻፉት ድምጥማጡ ከጠፋ ወዲህ ነው። ሁለት መቶ ምናምን ፎቶ አላቸው፤ የት እንደሚቀመጥ ግን አያውቁም። ሰኞ ጠዋት ሳልፍ ፎልደሩን ከፍቼ አሳየኋቸው። እንዳልረሳው ብለው የተከፈተውን ፎልደር ራሱን ፎቶ አነሱት። በሳቅ ሞትኩ።»

የተናገረው ቃል ለራሱም ቀፈፈው።

ፋርማሲስቱ እንክብል በሁለት ጣቱ እየገፋ ይቆጥር ነበር። ቆጥሮ ሳይጨርስ ቀና አላለም።

«ዛሬ መዝገብ ቤት ሄደሃል?»

«የለም፤ ከመስኮቴ አልተነሳሁም። ይህን ሳምንት ደጁንም አልረገጥኩ።»

«ሽማግሌው ፎቶ ያበዙ ነበር አሉ።»

«እሱማ መሳለቂያችን ነበር። ሁለት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ፎቶ ማከማቸት ምን ይባላል? አንድ እንኳ ሰርዘው አያውቁም።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋ ላይ ጫር አድርጋ ወጣች። ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሳ አንድ ሰዓት ያህል ካፈጠጠችበት በኋላ ሦስቱንም መዝገብ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ፎቶ ተራ ቁጥር ይሰጣል» አለች። «አንዱ ቢሰረዝ ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። የመጨረሻው 260 ነው፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ተነስቷል። ከ227 ቀጥሎ ያለው ግን 229 ነው።»

«228 ተሰርዟላ» አለ ዶክተሩ።

«ከኮምፒውተሩ ቆሻሻ መጣያ ሳይቀር ተጠርጓል። ሰራዡ 230ን ግን ንቆ ተወው። እርስዎ ሲያሳዩዋቸው ያነሱት ፎቶ ነው፤ ላይ ላዩን ሲያዩት ፎልደር ብቻ ይመስላል። የአባባ ዓይን ስለደከመ ደግሞ ፎልደሩ ፎቶዎቹን አጉልቶ እንዲያሳይ ተደርጓል፤ እያንዳንዳቸው መዳፍ ያካክላሉ።»

230ን ከፈተችው። በውስጡ 228 ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የሕፃኑ ካርድ ነው። በፋርማሲው መስመር ላይ «የአዋቂ መጠን» ይላል።

«የሰጠኸውን በትክክል ጽፈህ ነበር» አለች ወደ ፋርማሲስቱ ዞራ። «የተሳሳትከው አሰጣጡን ነው። ልጁ ሲሞት ተመልሰህ ጽሑፉን ለወጥከው።»

«ክሊኒኩን ለማዳን የለወጠው ዶክተሩ ቢሆንስ?»

«እኔም መጀመሪያ እሳቸውን ጠርጥሬ ነበር። ዛሬ ዘጠኝ ከሃያ ላይ ፎልደሩ ውስጥ 260 ፎቶ ነበር። 228 ሲሰረዝ 259 ሆነ፤ ድምሩ ከግርጌው ተጽፎ ይታያል። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ክፍሉን አሳሸግኩ። ዶክተሩ ‹ሁለት መቶ ምናምን› አሉኝ። ያንተ ሥራ ግን መቁጠር ነውና ምናምን ማለት አትችልበትም። ደጁን ያልረገጠ ሰው ሃምሳ ዘጠኟን ከየት አመጣት?»

ፋርማሲስቱ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

«ትናንት ጠዋት ፎቶውን አሳዩኝ። ‹ራስህ ተናገር፤ በእኔ አፍ እንዳይወጣብህ› ብለው እስከ ዛሬ ማታ ጊዜ ሰጡኝ። ዛሬ ጥቂት ቀን ይጨምሩልኝ ብዬ ልለምን መጣሁ። ስለ ልጃቸው ሲያወሩ አለቀሱ። እንባቸውን ሊጠርጉ መነጽራቸውን አወለቁ። ነፋስ ይንካዎት ብዬ እጃቸውን ይዤ ወደ ደረጃው ወሰድኳቸው።»

ነርሷ ወደ ፋርማሲስቱ ዞረች።

«አባዬ ትናንትም ያውቅ ነበር ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ማታ አብረን ራት በላን። ‹አባዬ፣ ልጁን ገደልኩት› አልኩት። አቀፈኝና ዝም አለ። ላንተ የሰጠህን ቀን ከእኔ ወስዶ ነው።»

ፋርማሲስቱ አንገቱን ደፋ። ኢንስፔክተሯ ካቴናውን አስገባችለትና ወደ ነርሷ ተመለሰች። 

«የነገው ፊርማ ቀርቷል፣ እህቴ» አለቻት።

«ነገማ አባዬን እቀብራለሁ» አለች ነርሷ።