የቃሬዛው ሰደፍ

መርዕድ ማለዳ ማለዳ የእንጨት ሥራ ቤቱን በር ከፍቶ ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ይቀመጣል። እግሮቹ የላሉ፣ ድመት ስትወጣበት እንኳ ሲጢጥ የሚል አሮጌ አግዳሚ ነው። በከተማዋ የጠብመንጃ ሰደፍ እንደ እሱ የሚጠርብ የለም፤ የራሱን መቀመጫ ግን ጠግኖት አያውቅም። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል ማለት ይኸው ነው። ሰሞኑን ታዲያ ያናደደው አግዳሚው ሳይሆን የወንድሙ ጠብመንጃ ነበር።

ታናሽ ወንድሙ ልሳኑ ከሸለቆው ማዶ ጎሽ ለማደን የሚመጡ እንግዶችን ይመራል። እንግዳው አቁስሎ መግደል ሲያቅተው፣ የቆሰለውን ጎሽ ፊት ለፊት የሚያስቆሙት እሱና ማግነም የሚሉት ትልቅ ጠብመንጃው ናቸው። ማግነም ደግሞ ሲተኮስ እንደ በቅሎ ይራገጣል። አምና ልሳኑ ርግጫውን ፈርቶ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጥይቱ ሳተ፤ ጎሹ ጎድኑን ሰበረው፤ ሰደፉም አብሮ ተሰነጠቀ። ዘንድሮ ይህ ቢደገም ወንድም የለኝም እያለ ነበር መርዕድ አዲሱን ሰደፍ የጠረበው።

እንጨቱ የተገኘው ከዕድሩ ነው። ዕድሩ የብረት ቃሬዛ ሲያሠራ አሮጌውን ጥሎት ነበር፤ ስንቱን ሟች ተሸክሞ የደረቀ ወይራ። ሚስቱ እታገኝ የሬሳ ዕቃ ቤት አይገባም ብላ ብትለምነው፣ እንጨት እንጨት ነው ብሎ ዘጋት።

ከዚያ ወዲህ ሥራው አልገራለት አለ። ጠብመንጃው ሲቀል ትከሻ ይሰብራል። ርግጫውን እንዲውጥ ሰደፉን ቦርቡሮ እርሳስ ሲጨምርበት ቶሎ ከትከሻ አይደርስም፣ አፈሙዙም ወደ ላይ ይዘላል፤ ጎሽ ደግሞ እስኪያነጣጥሩ አይታገስም። ጨመረ፣ ቀነሰ፣ እንደገና ጨመረ። በመጨረሻ በሽቆ እርሳሱን ሙልጭ አድርጎ አወጣና ሚዛን ላይ ቢሰቅለው፣ እርሳስ ከነበረበት ጊዜ ይልቅ ከብዶ አገኘው። ሚዛኑን ተሳደበ። ከጎረቤት ሌላ ተዋሰ፤ ያም ያንኑ ተናገረ። ከቦረቦረው ጉድጓድ አዲስ የተቆፈረና ዝናብ የነካው አፈር ሽታ ይወጣ ነበር፤ ጆሮውን ሲያስጠጋም ከእንጨቱ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ እግር ገጥመው ዳገት የሚወጡ ሰዎች ኮቴ የሚመስል ድምፅ ሰማ። ደም ብዛቴ ነው ብሎ ተወው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሸለቆው ውስጥ ሞክሮት ሲመለስ ዳገቱ መሀል ትከሻው ዛለ። ሬሳ የተሸከመ ሰው ሲደክመው የሚናገረው፣ ከቃሬዛ ሥር ካልሆነ በቀር ማንም ከአፉ የማያወጣው ቃል በንዴት አመለጠው።

«ተካኝ» አለ።

ሸክሙ ወዲያው ቀለለ። ልክ በቀብር እንደሚደረገው፣ ከኋላው አንድ ሰው ትከሻውን ያስገባ መሰለው። ዞር ቢል ማንም የለም። ፈራ፤ ግን ስንት ቀን የታገለበት ልክ ተገኝቷልና ፍርሃቱን ዋጠው።

በማግስቱ ልሳኑ ተኩሶ ሞከረው። ትከሻው ንቅንቅ አላለም።

«ጋሼ፣ አንድ ሰው ከኋላ የያዘልኝ እኮ ነው የሚመስለው» አለ እየሳቀ።

መርዕድ አብሮት መሳቅ አቃተው። መልስልኝ ሊለው ፈለገ፤ ምን ብሎ እንደሚያስረዳው ሲያሰላስል ወንድሙ ጠብመንጃውን ይዞ ወደ አደኑ ሄደ።

ልሳኑ በሚመለስበት ቀን ጀምበር ስታዘቀዝቅ መርዕድ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከዳገቱ ሥር የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ፤ እግር የገጠመ፣ ከባድ፣ የማይቸኩል። ብቅ ያለው ግን ልሳኑ ብቻውን ነበር፣ ጠብመንጃውን በትከሻው አጋድሞ።

«ጎሹ መጣብህ?»

«መጣ። ዓይኔን አልጨፈንኩም፣ ጋሼ።»

መርዕድ እፎይ ብሎ ጠብመንጃውን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ፤ ክብደቱ መሬት ላይ አንበረከከው። እርሳስ የሌለበት እንጨት የአንድ ሙሉ ሰው ያህል ይከብድ ነበር። ሰደፉን እንደታቀፈ ቀና ሲል፣ ልሳኑ ደክሞኛል ብሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ አግዳሚውም ሲጢጥ አላለም።