ሁለት መቶ አስራ ሁለተኛው በረራ

አይሪስ ባሏን ደዝመንድን ያገኘችው በመጫወቻው መሪ ዱላ ፊት እንደተቀመጠ ነበር፤ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። የድሮው ኮምፒውተር አልጠፋም። ደዝመንድ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከጓደኛው ከሃዋርድ ጋር የሠራው የጠፈር ውጊያ ጨዋታ ክፍቱን ቀርቷል።

በማግስቱ የሊድስ ፖሊስ መርማሪ ቶርሊ እዚያው ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻት።

«ስንት ሰዓት ገቡ?»

«አስራ ሁለት ሰዓት። ስገባ ሞቶ ነበር።»

«ጨዋታው ግን የመጨረሻውን በረራ የመዘገበው አስራ ሁለት ከአስር ላይ ነው። ሬሳ አይጫወትም፣ ወይዘሮ ፕራት።»

ሃዋርድና ጎረቤታቸው ኔቪል ከአስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ መጠጥ ቤት አብረው ነበሩ። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ የነበረችው አይሪስ ብቻ ናት። የፈራ ሰው እውነት ቢናገርም ውሸታም ይመስላል፤ እሷም ይህን ስለምታውቅ ይበልጥ ፈራች።

መርማሪዋ ግን አልቸኮለችም። የበረራ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አንብባ ሁለቱን ወንዶች አስጠራች።

«ሮሪ ማነው?»

ኔቪል ሳቅ አለ። «አጃቢው አብራሪ ነዋ! ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚያበረው። ሲመታ ‹ትተኸኝ አትሂድ› እያለ ይለምናል። ደዝመንድ ምን ገዶት! ማገዶ ነበር የሚያደርገው። ለሮሪ ብሎ የሚመለስ ነጥብ ያጣል።»

«እርስዎስ ይመለሳሉ?»

«እንኳን ለሮሪ ለሚስቴም አልመለስም!»

መርማሪዋ አልሳቀችም። «ሮሪ ሁለት መቶ አስራ አንድ ጊዜ ሞቷል። በመጨረሻው በረራ ብቻ በሕይወት ተመልሷል። ስለዚህ ያን ጊዜ የተጫወተው ደዝመንድ አይደለም። ገዳዩ ነው፤ ሟቹ በሕይወት ያለ እንዲመስል በስሙ ተጫወተ።»

«አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እኛ መጠጥ ቤት ነበርን» አለ ሃዋርድ።

«የዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ሰዓት በእጅ ይዞራል። ገዳዩ ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት ገደለ፤ ሰዓቱን ወደፊት ገፍቶ ተጫወተ፤ ከዚያ መልሶት ወጣ። ሮሪን ጥሎት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ወይዘሮ ፕራትን ይዤ እሄድ ነበር። ለምን አልጣለውም?»

ሃዋርድ ከአይሪስ ወንበር ጀርባ ቆሟል። ትንፋሹ ማጅራቷ ላይ ተሰማት። ዝም ብትል ገዳዩ ያመልጣል፣ ብትናገር ደግሞ እጁ ቅርብ ነው።

«የሮሪ ድምፅ የሃዋርድ ታናሽ ወንድም ድምፅ ነው» አለች ሳትዞር። «ድምፁን ለጨዋታው በሰጠበት ዓመት በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ። ሌላ ቅጂ የለም። ደዝመንድ ጨዋታውን ላድስ ብሎ ድምፁን ሊያጠፋው ነበር።»

መርማሪዋ ተነሥታ በሁለቱ መካከል ቆመች።

ሃዋርድ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «ጥዬው ልሄድ ነበር። ግን ለመነኝ… እንዴት ብዬ ልተወው?»

አይሪስ ያን ጊዜ ዞረች።

«ደዝመንድስ አልለመነህም?»