ጥጃዋ የላሰችው ድልድይ

ሃምሳ አለቃ ወልደየሱስ ተጠርተው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ደረቅ ቦይ ሲደርሱ፣ የእጅ ሥራ መምህሩ የሙሉነህ ሬሳ ነጠላ ለብሶ ተጋድሟል። አጠገቡ አሥራ ሁለት ጆንያ አሸዋና የተበታተነ የግራር እንጨት አለ። ዘመኑ 1962፣ ወሩ የካቲት ነው። ነገሌ ቦረና ዝናብ ካየች አራት ወር አልፏታል።

ጉድ እኮ ነው! ድልድዩን የሠሩት ተማሪዎች ናቸው። የገናሌን ወንዝ ድልድይ በትንሹ አስመስለው፣ ስምንት ክንድ አድርገው፣ ከቦዩ ወዲህና ወዲያ ዘረጉት። ሚስማር ከከተማው ስለጠፋ እንጨቱን በጠፍር አሰሩት። እርጥብ ጠፍር ታስሮ ሲደርቅ እንደ ብረት ይጠብቃል፤ ያረሰም ከብት ያረባም ይህን ያውቃል። ዛሬ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ሹማምንቱ እያዩ፣ ጆንያው አንድ በአንድ ተጫነ። አሥራ ሁለተኛው ሲያርፍ ሰዉ አጨበጨበ። ሙሉነህ ያልታሰበ ነገር አደረገ፤ ደስታው አላስችለው ብሎ ቦዩ ውስጥ ወረደና ከድልድዩ ሥር ቆሞ «ሥራችንን እናምናለን!» ሲል ጮኸ። ያኔ ነው የተናደበት።

የሁሉም ጣት የተቀሰረው ጠፍሩን ባሰረው በጃታኒ ላይ ነው። ጃታኒ የሊበን አገር ከብት አርቢ ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። ድልድዩ ቢጸና አዲስ አበባ ሄዶ ቴክኒክ ሊማር ነበር። አሁን በሁለት ፖሊሶች መካከል አፈር ላይ ተቀምጧል።

«አካም ጃታኒ፣ ናጋ?» አሉት ሃምሳ አለቃው፣ ሰላሙን በአገሩ ቋንቋ ሲጠይቁት።

«ናጋ የት አለ ጋሼ? እጄ ሰው ገደለ።»

«መቼ ነው ያሰርከው?»

«ሦስት ሳምንት ሆነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ በዱላ ስመታው እንደ ከበሮ ጮኸ። ምን እንደነካው አላውቅም።»

ሃምሳ አለቃው ተንበርክከው እንጨቱን አገላበጡ። አንድም ጠፍር አልተቆረጠም፣ አንድም ቋጠሮ አልተፈታም። የግራው እግር ማሰሪያ ግን ለስልሶ ሊጥ መስሏል። አንዲት ጥጃ በትከሻቸው በኩል አንገቷን አስግጋ ጠፍሩን መላስ ጀመረች።

«ይቺ ደግሞ ምን ትሻለች?»

«ወላሂ ሃምሳ አለቃ፣ ከማለዳ ጀምሮ ከዚህ እንጨት አልላቀቅ አለች!» አለ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አብዱላሂ ዱላውን እያነሳ። «የወይዘሮ የሺ ጥጃ ናት። ሹማምንቱ ሳይመጡ ሦስቴ አባርሬያታለሁ።»

ሃምሳ አለቃው ጠፍሩን ዳሰሱና ጣታቸውን በምላሳቸው ቀመሱ። እንትፍ ብለው ተነሱ፣ ለማንም ምንም አልተናገሩም።

የሟች ሚስት የሺ ከሴቶቹ እጅ አምልጣ መጣች። «ያ ልጅ ነው የገደለብኝ! ይሰቀልልኝ!»

«እርስዎስ ከባልዎ ጋር ሰላም ነበሩ?»

«ምን ይደብቁታል? እቀና ነበር። ከእኔ ይልቅ ከዚህ እንጨት ጋር ነበር የሚውለው። ታዲያ በእንጨት ቀንታ ባሏን የምትገድል ሴት አይተው ያውቃሉ?»

የሒሳብ መምህሩ ኃይለመስቀል ጥላ ሥር ቆሟል፤ የቆዳ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፏል።

«ነፍስ ይማር» አለ። «ጎበዝ ነበር። ከተማው ሁሉ ሙሉነህ፣ ሙሉነህ ይል ነበር። ስሌቱን ማን ሠራው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።» ይህን ሲል ፈገግ አለ።

ያቺን ፈገግታ ሃምሳ አለቃው ያውቋታል። እሳቸው ያሠለጠኑት ልጅ መቶ አለቃ ተብሎ ሲሾምባቸው፣ እንኳን ደስ ያለህ ሊሉት ሲሄዱ በመስተዋት አይተዋታል። ከንፈር ላይ ማር፣ ሆድ ውስጥ እሬት ናት።

«ታዲያ ለምን ወደቀ ይላሉ?»

«ስሌቱ ልክ ነው። ልጁ ጠፍሩ ሳይደርቅ አስጭኖበት ነው።»

«ጠፍሩን ነክተውታል እንዴ?»

«እኔ? ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።»

ሙሉነህ ተቀበረ። በማግስቱ ሃምሳ አለቃው ጃታኒን ወደ ቦዩ መልሰው ድልድዩን እንደገና እንዲያስረው አዘዙት። «አላስርም» አለ። «ትእዛዝ ነው» አሉት። እያለቀሰ አሰረው። በሳምንቱ፣ ጠፍሩ ፀሐይ ጠግቦ ሲደርቅ፣ ሹማምንቱን፣ መምህራኑንና የሺን ሰበሰቡ።

«ያኛው ጠፍር አልተቆረጠም፣ አልተፈታም» ሲሉ ጀመሩ። «ረጥቦ ነበር። ከየት ረጠበ? ዝናብ የለም። ተራ ውሃ ቢሆን የእኛ ፀሐይ ከሦስት ሰዓት በፊት ጭልጥ ያደርገው ነበር። እኔ ግን ቀምሼዋለሁ፣ ጨው ነው። ጨው የጠጣ ቆዳ ቶሎ አይደርቅም። አንድ ሰው በዋዜማው አመሻሽ በጨው ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጠቀለለበት፤ ማለዳ ጨርቁን ይዞ ሄደ።»

«ስለ ቆዳ ከጃታኒ በላይ ማን ያውቃል?» አለ አንዱ ሹም።

«ለዚህ ነው እሱ ያልሆነው! ከብት ያለው ሰው ጨው ሜዳ ላይ ትቶ አይሄድም። ከብቱ ይሰበሰብና ተንኮሉን ያወጣበታል። ጃታኒ ከጥጃ ጋር ያደገ ነው፤ ወይዘሮ የሺም ላም አላቸው። ይህን የሚሳሳት ወተት ከጎረቤት በጣሳ እየገዛ የሚጠጣ ሰው ነው። ደግሞ ጠፍሩ እርጥብ እንደነበር እኔ ለማንም ሳልናገር፣ ከመቀመጫቸው ያልተነሱ መምህር ቀድመው ነገሩኝ።»

ኃይለመስቀል ሳቀ። «ግምት ነው!»

«ግምት ይሁን። አብዱላሂ፣ ጥጃዋን ልቀቃት።»

ጥጃዋ ሰዉን እያሸተተች አለፈች። ኃይለመስቀል ዘንድ ስትደርስ ቆመችና የቦርሳውን ቂጥ ትልስ ጀመር። ከፍ አደረገው፤ አንገቷን አንጠራርታ ተከተለችው። የሳቀ ሰው የለም።

«ጨርቁን በዚህ ቦርሳ ነው የወሰድከው» አሉት ሃምሳ አለቃው።

«እንዲሞት አልፈለግኩም!» ድምፁ ተሰበረ። «ወድቆ እንዲያፍር ብቻ ነበር። ሥር እንደሚገባ በምን አውቄ?»

«ሲገባ አይተሃል። ‹ውጣ› አንዲት ቃል ናት። ለምን ዝም አልክ?»

ኃይለመስቀል ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ሰዉ እያጨበጨበለት ነበር» አለ።

የሺ ቀረበችው። «የዚያን ቀን ጠዋት ምን ብሎኝ ወጣ መሰለህ? ‹ድልድዩ ሲጸና ኃይለመስቀልን አጠገቤ አቁሜ፣ ስሌቱ የእሱ ነው እላለሁ› ነበር ያለኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሄዱ። ሃምሳ አለቃው «ጆንያውን ጫኑ» አሉ። አሥራ ሁለቱም ተጫነ። ጃታኒ ፊቱን በእጁ ሸፍኗል። የሺ ጥቁር ቀሚሷን ሰብስባ ቦዩ ውስጥ ወረደች፤ ባሏ በቆመበት ቦታም ቆመች።

«እትዬ የሺ፣ ይውጡ! በእናትዎ ይውጡ!» ጮኸ ጃታኒ።

«ይሰቀል ብዬብህ ነበር» አለች ቀና ብላ። «እጅህን ከፊትህ አንሳና እየኝ ልጄ። ሥራህን አምናለሁ።»

ጃታኒ እጁን አነሳ። ድልድዩ ሲጥ አላለም።